ለአንዲት የሰንሰለት መወጠሪያ ይፋት ድረስ

ይህ ጉዞ ያስወጣኝን አስቀድሜ ልናገር፤ እኔ ባደግኩበት ሰፈር ዋጋው ያልተነገረ ወሬ ወሬ አይባልም። የደርሶ መልስ መሳፈሪያ፣ የአልጋ፣ ለሐዘን ቤት የያዝኩት ስኳርና ቴምር፣ ሰው ከሞተሩ አውልቆ የመለሰልኝ አንድ ካርቶን ዕቃ፣ በምትኩ የሰጠሁት ሌላ ካርቶን፣ እና ከደብረ ሲና በታች ያለው ገበያዬ በሙሉ። የፊቶቹ በብር ይቆጠራሉ። የመጨረሻውን ለመቁጠር ሞክሬ ተውኩት።

መርካቶ ውስጥ የሞተር ሳይክል መለዋወጫ እሸጣለሁ። አንባቢ ሁሉ ሞተር የለውምና ስለ ዕቃዋ ትንሽ ላስረዳ። በሞተሩ ሆድ ውስጥ ቫልቮቹን በየሰዓታቸው የሚያስከፍትና የሚያዘጋ ቀጭን ሰንሰለት አለ። ሰንሰለቱ በሠራ ቁጥር ይላላል፤ ሲላላ ጥርስ ይዘላል፤ ጥርስ ከዘለለ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ ሞተሩም እየሮጠ ባለበት ቀጥ ይላል። ያ እንዳይሆን ሰንሰለቱን ከጎን ገፍታ የምትይዝ፣ የጣት ርዝመት ያላት መወጠሪያ አለች። ሁለት ዓይነት ናት። አውቶማቲኳ ውስጧ ሞላ የሚባል ጥምዝ ሽቦ አለ፤ ሰንሰለቱ በላላ ቁጥር ራሷ እየተከተለች ትገፋለች፤ ባለቤቱ መኖሯን ሳያውቅ ሞተሩን ይሸጠዋል። ማኑዋሏ ብሎንና ዳዶ ብቻ ናት፤ የሞተሩን ድምፅ አዳምጦ በቁልፍ የሚያጠብቃት ሰው ትፈልጋለች። አብዝቶ ካጠበቃት ሰንሰለቱን ትበላለች፤ ከረሳት ታንኳኳለች።

ገዢ ሲያማክረኝ «አውቶማቲኳ ለሚረሳ ሰው፣ ማኑዋሏ ለሚሰማ ሰው» እለዋለሁ። ሁሉም ራሱን የሚሰማ አድርጎ ይቆጥራል። ገንዘቡን ሲያወጣ ግን አውቶማቲኳን ይገዛል።

ሸዋ ሮቢት ላይ ሰይድ የሚባል ደንበኛ ነበረኝ፤ ጋራዥና ከጋራዡ ፊት ትንሽ የመለዋወጫ ሱቅ ያለው፣ ቃሉን የሚያከብር ሰው። አንድ ረቡዕ ከሰዓት ደወለ።

«ጋሼ ደምሴ፣ ጀማል ሞተ።»

«የትኛው ጀማል?»

«ከተራራው ግርጌ ሽንኩርት የሚያመላልሰው። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ቀጥ ብሎ የኋላ ጎማውን ያዘበት፤ ከነጭነቱ ወደቀ። ሞተሩን ከፍቼ አየሁት፤ ሰንሰለቱ ጥርስ ዘሏል። መወጠሪያዋ የርስዎ ናት።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

«አባቱ ሐጂ ኡመር ይፈልጉዎታል። የደም ካሳ አልጠየቁም፣ ክስም አላሰቡም። ሞተሩን ጠግኜ ጨርሻለሁ፤ ታናሹ ከድር ሊነዳው ነው፤ ሁለት ቤት የሚበላው በሱ ነው። ሐጂ ግን ‹የሸጠው ሰው ራሱ መጥቶ፣ ከሁለቱ የትኛዋ እንደምትገባበት ፊቴ ቆሞ ካልነገረኝ እንዳይነሳ› ብለዋል። አንድ ልጅ ነው የቀራቸው።»

ስልኩን ስዘጋ መጀመሪያ ያሰብኩት ሟቹን አይደለም። በይፋት ቆላ ውስጥ ስንት ሞተር የኔን መወጠሪያ ታጥቆ እንደሚሄድ ነው ያሰብኩት። ጋቢዬን አጠፍኩ፣ ስኳርና ቴምር ገዛሁ፣ ከሥራቸው አንድ ካርቶን ማኑዋል መወጠሪያ አስቀመጥኩ። ነጋዴ ለቅሶ ሲሄድም ናሙና ይይዛል።

ሐሙስ

ጎህ ሳይቀድ ላምበረት መናኸሪያ ደረስኩ። ሚኒባሱ «ሞልቷል፣ ሞልቷል» እየተባለ ፀሐይ እስክትወጣ አልሞላም። እኔም ሱቄ ውስጥ «የመጨረሻው ነው» እያልኩ ስለምሸጥ ቅር አላለኝም።

የአዲስ አበባን ብርድ የሚያማርር ሰው ደብረ ብርሃን ወርዶ ሻይ ይጠጣ፤ ብርጭቆው ከአፍ ሳይደርስ ይቀዘቅዛል። ከዚያ አለፍ ብሎ ያለ ኬላ ላይ ፍተሻ ነበር። ፈታሹ ካርቶኔን ከፈተና የጣት ርዝመት ያላቸው፣ በዘይት ወረቀት የተጠቀለሉ ብረቶች ተደርድረው ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ይሄ ምንድነው?»

«የሞተር ሰንሰለት መወጠሪያ ነው።»

«ምን የሚወጥር?»

ሰንሰለቱን፣ ቫልቩን፣ ሁሉንም አስረዳሁት። ይበልጥ ባስረዳሁ ቁጥር ይበልጥ ጥይት እየመሰለው ሄደ። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ በብርድ እኔን ያያል። በኋላ ራሱ ሞተር ያለው ሌላ ፈታሽ መጣና አንዷን አገላብጦ፣ «ማኑዋል ናት፤ እኔ አውቶማቲኳን ነው የምወድ» ብሎ ለቀቀን። ሚኒባሱ ውስጥ አንዲት እናት፣ «ጥይት ቢሆን ኖሮ እኮ እስካሁን ደርሰን ነበር» አሉ። ሰው ሳቀ። እኔ ሰውየው አውቶማቲኳን እንደሚወድ ብቻ ነው የሰማሁት።

ጣርማ በር ጉም ውጦታል። ዋሻው አፍ ላይ ቆብና ቆሎ የሚሸጡ ሰዎች ከጉሙ ውስጥ እጅ ብቻ ሆነው ወደ መስኮቱ ይመጣሉ። ከዋሻው ወዲያ አገሩ በአንድ ጊዜ ከእግር ሥር ይጠፋል። እኛ ሰፈር ቁልቁለት የሚባለው ውሃ ሲዘንብ የሚያንሸራትተው ነው፤ ይሄኛው ጆሮ ይደፍናል። ደብረ ሲና ላይ ምሳ በላን፣ ሹፌሩ ሹራቡን አወለቀ፤ ከዚያ በታች በየመታጠፊያው አንድ አንድ ልብስ እያወለቅን ወረድን። አንዱ ጠመዝማዛ ላይ ፍሬኑ ሸተተ። ሹፌሩ አቁሞ ጎማዎቹ ላይ ውሃ ሲያፈስ፣ ሽንኩርት የተቆለለበት ሞተር በአጠገባችን ሽቅብ አለፈ። የሞተሩን ድምፅ እስኪርቅ ድረስ አዳመጥኩት። ደህና ነበር።

ሸዋ ሮቢት ስገባ ሙቀቱ እንደ ሰው ከፊቴ ቆመ። ሰይድ መናኸሪያው በር ላይ የተላጠ ፓፓያ በሳህን ይዞ ጠበቀኝ። ሁልጊዜ ሲያገኘኝ ያሾፍብኝ ነበር፤ አሁን ሳህኑን ሰጥቶኝ ካርቶኑን ተሸከመ።

የአልጋ ቤቷ ባለቤት እትዬ አስካለ፣ ለምን እንደመጣሁ ከሰይድ ሲሰሙ የሰጡኝን ቁልፍ መልሰው ወሰዱ። «ለጀማል ሐዘን የመጣ ሰው ፋን ያለበት ክፍል ነው የሚያድረው» አሉና ቀድሞ የገባውን ሌላ እንግዳ አግባብተው አዛወሩት። ሰውየው ሻንጣውን ሲያወጣ፣ «ዘመድ ነህ?» አለኝ። «የሥራ ሰው ነኝ» አልኩት። አጎበሩ ውስጥ ገብቼ ፋኑን እያየሁ ተኛሁ።

ዓርብ

ጠዋት ፉል በልተን ወደ ሰይድ ሱቅ ሄድን። ከጀማል ሞተር የወጣችውን መወጠሪያ በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀምጧታል። በአውራ ጣቴ ጫን አልኳት። ተመለሰች። አዲሷን ብትጫኗት ግንብ ናት፤ ወደፊት እንጂ ወደ ኋላ አታውቅም፤ ውስጧ እንዳትመለስ የሚይዝ ጥርስ አላት። የዚችኛዋ ጥርስ ተበልቷል።

«ዓመት እንኳ አልሞላትም» አለ ሰይድ። «ወንድሜ ይሁኑና እውነቱን ይንገሩኝ፤ አስመስለው የሠሯት አይደለችም?»

«አይደለችም። አንተስ ስትገጥማት በመዶሻ አልመታሃትም?»

«ወላሂ አልመታኋትም።»

ተያየን። ከሁለታችን አንዳችን ጥፋተኛ ብንሆን ይቀልል ነበር። እሷን ወደ ኋላ የሚገፋት ነገር ነበረ፤ ሰንሰለት ደግሞ ሞተሩ ሲዞር ወደፊት ነው የሚጎትተው። ያን ስናወጣና ስናወርድ የጁምዓ አዛን ሆነ፤ ሰይድ ሊሰግድ ሄደ፤ እኔ ሱቁን ጠበቅኩ። ሦስት ባለሞተሮች እየመጡ መወጠሪያ ጠየቁኝ። ሦስቱም «ማኑዋል ካለ» አሉ። ማን መሆኔን አላወቁም።

ከሰዓት ካርቶኑን ይዘን በባጃጅ መንገዱ እስከሚያልቅበት፣ ከዚያ በእግር ወደ ሐጂ ኡመር መንደር ሄድን። መንደሩ ተራራው እግሩን የሚዘረጋበት ዳገት ላይ ነው፤ ከላይ የደጋው ገደል፣ ከታች የሽንኩርትና የማሾ ማሳ። ሜዳ የሚባል ነገር የለም። የእኛ ሰፈር ቤቶች እርስ በርስ ይጋፋሉ፤ እዚህ ግን አንዱ ቤት ከሌላው ትከሻ ላይ የቆመ ይመስላል።

ሐጂ ኡመር ረጅም፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው ገና የሚያይ ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው አሊዩ አምባ ገበያ በግመል የተመላለሱ ናቸው። ተነስተው ተቀበሉኝ።

«እግዜር ያጥናዎት ሐጂ» አልኩ።

«አሚን። ደከመህ፣ ልጄ። መጀመሪያ እህል ቅመስ። ነገሩ ነገ ዱዓ ላይ ነው፤ እንግዳ በመጣበት ቀን አይጠየቅም።»

ምሳው ማሾ ወጥ ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ የሴት ድምፅ መጣ፤ የጀማል ሚስት ዘይነባ ናት፤ የባል ሐዘን ላይ ስለሆነች ባዳ ወንድ ፊት አትወጣም።

«ጋሼ፣ ዓርብ ጾም መሆኑን እናውቃለን። ድስቱ አዲስ ነው፤ ሥጋ አላየም። ሳይጠራጠሩ ይብሉ።»

እኔን ለማብላት ድስት ገዝተዋል። የባሏን ሞተር ያቆመችውን ብረት የሸጥኩ እኔን። ቆርሼ በላሁ። ሰይድ በመሃሉ፣ ጀማል ሞተሩ ስለማንኳኳቱ ተናግሮ ያውቅ እንደሆን ጠየቃት።

«ስለማንኳኳት አልነገረኝም» አለች። «ማታ ማታ ግን ሞተሩ ደጅ ቆሞ እያለ ቂጭ ይል ነበር። ጠፍቶ ነው እንግዲህ። አንዳንዴ አንዴ፣ አንዳንዴ ደግሞ ደጋግሞ። ‹ምንድነው?› ስለው ‹ብረት ሲቀዘቅዝ ነው፣ ተኚ› ይለኝ ነበር።»

ሰይድ ወደኔ አየ። ብረት ሲቀዘቅዝ ድምፅ ያሰማል፤ እውነት ነው። ግን ይህ ቆላ ነው፤ ማታም ቢሆን ይህን ያህል የሚቀዘቅዝ ብረት የለም።

ፀሐይዋ ከደጋው ጀርባ ልትገባ ስትል ከድር መንደሩን ላሳይዎት ብሎ አወጣኝ። ከድር ሃያዎቹን ያጋመሰ፣ ከወንድሙ ሞት ወዲህ ሲናገር ወደ መሬት የሚያይ ሰው ነው። በየደጁ ሰው ሞተሩን እየጫነ ነበር። ሽንኩርቱን በጆንያ ከኋላ ይቆልላሉ፣ በጎማ ገመድ ይጠፍራሉ፤ ከዚያ ሞተሩን አፍንጫውን ወደ ዳገቱ አድርገው፣ አንደኛ ማርሽ አስገብተው ይተዉታል። መቆሚያ እግሩ በለስላሳው አፈር ይሰጥማልና ከጎን ድንጋይ ያስደግፉታል።

«አሁን ሊሄዱ ነው?» አልኩ።

«የለም፣ ጎህ ሲቀድ ነው። በሙቀት አይኬድም፤ ሽንኩርቱ ይቀቀላል። ማታ ጭነን እናሳድረዋለን፣ ጠዋት ረግጠን መሄድ ብቻ ነው።»

«ሁላችሁም እንዲህ ናችሁ?»

ከድር መጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «የአባባ ትምህርት ነው። በግመል ጊዜ ማታ መጫን ነውር ነበር አሉ፤ ግመል ጭነት ተሸክሞ ካደረ ጀርባው ይቆስላል። ጀማል የመጀመሪያውን ሞተር ሲገዛ አባባ ‹ሞተር ጀርባ የለው፣ አይቆስል፤ ማታ ጫንና እንቅልፍህን ተኛ› አሉት። መንደሩ በሙሉ ከዚያ ያዘው። ጀማልም አንድ ቀን አላጎደላትም።»

አንድ የተጫነ ሞተር አጠገብ ቆሜ ነበር። እጄን ጭነቱ ላይ አድርጌ ቀስ ብዬ ወደ ቁልቁለቱ ገፋሁት። ጎማው አልተንቀሳቀሰም ማለት ይቻላል። ከሞተሩ ሆድ ግን አንዲት ድምፅ መጣች።

ቂጭ።

ድንጋይ ፈልጌ ተቀመጥኩ። ማርሽ ገብቶ የቆመ ሞተር ወደ ኋላ ሲጎተት፣ ሞተሩም ወደ ኋላ ሊዞር ይታገላል። ያኔ ሰንሰለቱ የሚጫነው በመወጠሪያዋ በኩል ነው። የሙሉ ሽንኩርት ክብደት ሌሊቱን በሙሉ፣ በየቀኑ፣ አውቶማቲኳን ወደ ኋላ ሲገፋት ያድራል። ጥርሷ ይበላል፤ ከዚያ ትመለሳለች። አዲስ አበባ ውስጥ ሞተሩን በጭነት ዳገት ላይ የሚያሳድር ሰው አላውቅም። ፋብሪካውም እንዲህ ያለ ሰው መኖሩን ያሰበ አይመስለኝም።

«ጋሼ፣ ሙቀቱ ነው?» አለ ከድር።

«ሙቀቱ ነው» አልኩ።

ያን ማታ በሐጂ ቤት አደርኩ። የራሳቸውን ጠፍር አልጋ ለኔ ሰጥተው እሳቸው ምንጣፍ ላይ ተኙ። ነገሩን በሁሉም በኩል አገላበጥኩት፤ ሥራዬ ማገላበጥ ነው። እውነቱን ብናገር ዕቃዬ ነፃ ይወጣል፤ ገበያዬም ይተርፋል። ግን ያን ጊዜ ለአንድ ሽማግሌ ልጃቸውን የገደለው የራሳቸው ቃል ነው ብዬ መንገር ነው። ዝም ብዬ ብመለስ ደግሞ ከድር ያን ሞተር ማታ ማታ ይጭነዋል። ማኑዋሏ ይህን ጭነት ትችላለች፤ ብሎን ወደ ኋላ አይሄድም። ነገር ግን የተጠገነ ሞተር ነው፤ ሰንሰለቱም ሌሎቹም ብረቶች ሌሊቱን ሲጎተቱ አድረው እስከ መቼ እንደሚችሉ ማንም አያውቅም። መንደሩ ውስጥ ደግሞ አውቶማቲኳ ያለችባቸው ሌሎች ሞተሮች በየደጁ ተጭነው ያድራሉ። ከምንጣፉ የሐጂ አተነፋፈስ ይሰማኛል። እሳቸውም አልተኙም።

ቅዳሜ

ከቁርስ በኋላ ሽማግሌዎችና ባለሞተሮች በሐጂ ቤት ተሰበሰቡ። ጫት ቀረበ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ለጀማል ጀነት ተለመነለት። ሞተሩ ታጥቦ በር ላይ ቆሟል። ሐጂ ወደኔ ዞሩ።

«ሁለቱን አምጣና ፊቴ አስቀምጣቸው።»

ከጀማል ሞተር የወጣችውን አውቶማቲክና ማኑዋሏን ምንጣፉ ላይ ጎን ለጎን አኖርኳቸው። ሐጂ አልነኳቸውም።

«ልጄ ላይ የነበረችው የትኛዋ ናት?»

«ይቺኛዋ።»

«ጥፋቱ የማን ነው?»

ሰይድ ሊናገር አፉን ሲከፍት ጉልበቱን ያዝኩት።

«የዕቃዋ ነው ሐጂ። ጥርሷ ደካማ ነው፣ አልያዘችም። ያመጣሁት እኔ፣ የሸጥኩት እኔ። አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ።»

ከባለሞተሮቹ መሃል አንዱ «ሰማችሁ?» አለ ለጎረቤቱ። ሐጂ እጃቸውን አነሱና ጸጥ አለ።

«ለከድርስ? ከድር የኔ ብቻ አይደለም፣ አሁን የሁለት ቤት ምሰሶ ነው። ያንተ ልጅ ቢሆን የትኛዋን ታስገባለህ?»

«ማኑዋሏን። ግን ይቺ ልማድ አላት» አልኩ። ድምፄ ሱቅ ውስጥ ያለሁ ያህል ጠነከረ፤ ምን ላድርግ፣ የማውቀው ድምፅ እሱ ነው። «ጭነት ተሸክማ ማደር አትወድም። ማታ ከተጫነባት ያጠበቁት ይላላል። ጭነቱ ጠዋት ነው የሚጫን። ሞተሩም አፈሩ ተደልድሎ፣ ከማርሽ ወጥቶ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በእግሩ ይቆማል። በሳምንት አንዴ ድምፁን ሰምቶ ማጥበቅ ያስፈልጋል። ይህን የማያደርግ አይግዛት።»

ይህ ውሸት ነው። ማኑዋሏ ተጭና ብታድር ግድ የላትም፤ ግድ ያላት ሌላዋ ነበረች። በሕይወቴ ብዙ ዕቃ የሌለውን ጥሩ ነገር አለው ብዬ ሸጫለሁ። የሌለበትን ጉድለት አለበት ብዬ ስሸጥ የመጀመሪያዬ ነው።

አንድ ጢማቸውን በሂና የቀቡ ሽማግሌ፣ «ነጋዴ የዕቃውን አመል ሲናገር ሰምተን አናውቅ፤ ዛሬ ዝናብ ይመጣል» አሉ። ጥቂት ሰው ሳቀ። ሐጂ አልሳቁም።

«እንደ ግመል ናት በለኛ።»

«እንደ ግመል ናት ሐጂ።»

ወደ በሩ፣ ወደ ሞተሩ አዩ። «የጀማሏስ? እሷም እንዲህ ያለ አመል ነበራት?»

ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ዘይነባ እየሰማች ነው፤ የቂጩን ነገር ከኔ ቀድማ የምታውቅ እሷ ናት።

«የለም» አልኩ። «ያቺ አመል የላትም። ብትጭኗትም ባትጭኗትም ያው ነበረች። ያቺ ብልሽት ብቻ ናት።»

ሐጂ ረጅም ትንፋሽ አወጡ። «አልሐምዱ ሊላህ። ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉልኝ። «አውፍ ብዬሃለሁ። አንተም በለኝ።»

«እርስዎን በምን ሐጂ?»

«ከአገርህ በጠራሁህ።»

እጃቸውን ይዤ አውፍ አልኩ። አመኑኝ አላመኑኝም፣ ዛሬም አላውቅም። ከመጋረጃው ጀርባ ዘይነባ፣ «አላህ ይስጥልኝ ጋሼ» አለች፤ ምኑን እንደሆነ አልተናገረችም።

ከዚያ ሰይድ ማኑዋሏን ገጠመ። ከድር ሞተሩን አስነሳ፤ ሰይድ ዳዶውን ሲያጠብቅና ሲያላላ ከድር ጆሮውን አስጠግቶ ድምፁን ለመደ። «ይሄ ነው፣ ከዚህ በላይ አታጥብቀው» ይለዋል ሰይድ። «ይሄ?» «ይሄ። አሁን ደግሞ አላላው፣ ስማው።» ከድር ከሐዘኑ ወዲህ ቀና ብሎ ሲያይ ያየሁት ያኔ ነው።

ባለሞተሮቹ ግን ተራ አልጠበቁም። አውቶማቲኳን እያወለቁ በቆባቸው እያመጡ ፊቴ አፈሰሱ። ማኑዋሏን በነፃ ለወጥኩላቸው፤ ሰይድ እስኪመሽ ሲገጥም ዋለ። ከመሃላቸው አንድ ጎልማሳ የዘረጋሁለትን አልተቀበለም።

«ሰይድ ከሌላ ሰው ያምጣልኝ። ጀማል ጓደኛዬ ነበር፤ ከሱ እጅ አልወስድም።»

«እሺ» አልኩት። የዋጋ ጭቅጭቅ ቢሆን መልስ ነበረኝ።

አመሻሹ ላይ መንደሩን ሳየው በየደጁ ሞተሮቹ ባዶ ጀርባቸውን ቆመዋል፤ ጆንያዎቹ ከጎናቸው መሬት ላይ ናቸው። አንዳንዱ ጠፍጣፋ ድንጋይ እየተሸከመ ነበር።

እሁድ

ዘይነባ ለመንገድ የማሾ ቆሎና ማር ላከችልኝ። ሐጂ በምርኩዛቸው እስከ መንገዱ ሸኙኝ፤ ባጃጁ እስኪመጣ ስለ ግመል ብቻ አወሩ፤ ግመል ቂሙን ዓመት ይይዛል አሉ፣ ጭነቱን ግን ሲያራግፉለት ያመሰግናል። መናኸሪያ ላይ ሰይድ ካርቶኑን ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ አስጭኖ በመስኮቱ በኩል ጠጋ አለኝ።

«ጋሼ፣ ልጠይቅዎት። ማኑዋሏ እኮ ተጭና ብታድር ምንም አትሆንም።»

«አውቃለሁ።»

«ያቺኛዋ ናት የማትችለው።»

«አውቃለሁ ሰይድ።»

ሹፌሩ ጡሩንባ ነፋ። ሰይድ መስኮቱን አልለቀቀም።

«ታዲያ የገዛ ስምዎትን ለምን አጠፉ? እኔ ቀስ ብዬ ለባለሞተሮቹ እነግራቸው ነበር እኮ።»

«ትነግራቸዋለህ፣ እነሱ ለሚስቶቻቸው ይነግራሉ፣ በሦስተኛው ቀን ሐጂ መስጊድ ውስጥ ይሰማሉ። ለማንም እንዳትናገር። ለከድርም።»

«ወላሂ አልናገርም» አለ። ከዚያ ዓይኑን ከኔ አነሳ። «ግን ጋሼ፣ ከእንግዲህ ከርስዎ ገዛሁ ብል ሱቄ የሚገባ የለም። ቤተሰብ አለኝ።»

«ከሌላ ግዛ። ደህና ማኑዋል የሚያመጣ ሰው እልክልሃለሁ።»

ላኩለትም። ከኔ ሱቅ ማዶ ያለ፣ ሃያ ዓመት ደንበኛ ስንነጣጠቅ የኖርን ሰው ነው። ለምን እንደሆነ ደጋግሞ ጠየቀኝ፤ የሸዋ ሮቢት ሙቀት አልተስማማኝም አልኩት።

ሽቅቡ በመጣንበት መንገድ ነው፤ በየመታጠፊያው አንድ አንድ ልብስ እየደረብን ወጣን። ጣርማ በር ላይ ጋቢዬን ለበስኩ። ኬላው ላይ ሌላ ፈታሽ ካርቶኑን ከፍቶ፣ ያረጁና ዘይት የጠገቡ መወጠሪያዎች ሲያይ «ቁርጥራጭ ብረት ነው» ብሎ ዘጋው። ልክ ነበር።

ሰይድ ከስንት ጊዜ አንዴ ይደውላል። ሒሳቡ ይሄ ነው። ከድር ይሠራል፤ መወጠሪያዋን ራሱ ያጠብቃል። መንደሩ ውስጥ ሞተር ተጭኖ አያድርም። ሐጂ ኡመር በሕይወት አሉ። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ደንበኛ የለኝም።